የበር ቀለም ዱቄት ዘዴ ለወረቀት ይሆናል ወይ? ስለ ሉህ ማተሚያ ርጭት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የመድኃኒትና የመዋቢያ ካርቶኖችን በአራት ቀለም ኦፍሴት ማሽን (ምስሉን መጀመሪያ ላስቲክ ላይ፣ ከላስቲኩም ወረቀት ላይ በሚያሳርፍ ማሽን) የሚያትሙ ሁለት ባልደረቦች ናቸው። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ የበዛበት ሥራ ሲመጣ ክምሩ ውስጥ ያለው ያልደረቀ ቀለም ወደ ላይኛው ሉህ ጀርባ ይጋባል። ይህን ለመከላከል በታተሙት ሉሆች ላይ የሚረጨውን ደቃቅ ዱቄት፣ ፓውደሩን፣ ሲጨምሩ ሉሁ ይሻክራል፣ ቫርኒሹ በደንብ አይይዝም፣ ማሽኑም ሠራተኛውም ነጭ በነጭ ይሆናሉ። አጠገባቸው ያለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ በሮችን በኤሌክትሮስታቲክ ሽጉጥ ዱቄት ቀለም ሲቀባ፣ ዱቄቱ የብረቱን ጀርባ ሳይቀር ዞሮ ሲይዝ አይተዋል። ያንኑ ሽጉጥ በማሽናቸው መውጫ ላይ ቢገጥሙት ፓውደሩ ሳይባክን ሉሁ ላይ ያርፋል ብለው አስበዋል። ይሠራል ወይ? አደጋ አለው ወይ? ፓተንትስ ያስገኛል ወይ?

መልሴን ከመጨረሻው ልጀምርና ወደ ምክንያቱ ልመለስ። ሽጉጡን እንዳለ አንሥታችሁ ማሽኑ ላይ አትግጠሙ። ፓውደርን በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ወደ ሉህ የመሳብ ሐሳብ በሌሎች አገሮች ከብዙ ዓመታት በፊት ተሠርቶበታል፤ ስለዚህ በመርህ ደረጃ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን ያያችሁት ችግር እውነተኛ ነው፣ የተመለከታችሁበትም አቅጣጫ ከእውነቱ የራቀ አይደለም። የቀራችሁ አንድ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ፓውደሩ ሉሁ ላይ ምን እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ምን መሥራት እንዳለባችሁ ራሱ ይገለጥላችኋል።

ፓውደር ቀለምን አያደርቅም። ብዙ ማተሚያ ቤቶች ውስጥ «አልደረቀም፣ ፓውደር ጨምር» ሲባል እሰማለሁ፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፓውደሩ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከስታርች የሚሠራ፣ በሁለት ሉሆች መካከል እንደ ምሰሶ ቆሞ የሚያራርቅ ነገር ብቻ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ትኩሱን እንጀራ በትኩሱ ላይ ወዲያው አትደራርብም፤ እንዲተነፍስ ጊዜ ትሰጠዋለች። ፓውደሩም ለሉሁ የሚሰጠው ይህንን የመተንፈሻ ክፍተት ነው። አንድ የኦፍሴት ቀለም ሽፋን ወደ 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው፤ አራቱ ቢደራረቡ እንኳ ከጥቂት ማይክሮን አያልፉም። የፓውደሩ ቅንጣት ግን እንደየዓይነቱ ከ15 እስከ 70 ማይክሮን ይደርሳል። በትክክለኛ ቦታ የቆሙ ጥቂት ቅንጣቶች ሁለቱን ሉሆች ለማራራቅ ከበቂ በላይ ናቸው። ፓውደር በዝቶም ቀለሙ ከተጋባ፣ ቅንጣቶቹ ከሚፈለጉበት ቦታ ውጭ አርፈዋል፣ ወይም መጠናቸው ለወረቀቱ አይመጥንም፣ ወይም ክምሩ ከሚሸከሙት በላይ ከብዷል ማለት ነው።

ስለ ክብደቱ ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አይገምተውምና። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ሉህ ግማሽ ሜትር ከፍታ ሲከመር ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ታች ያሉት ሉሆች ይህን ሁሉ ተሸክመው ነው ቀለማቸው እንዲደርቅ የምንጠብቀው። በዚያ ላይ ካርቶን እንደ ቀጭን ወረቀት አይለሰልስም፤ ሸካራ ጀርባው እየገፋ ወደ ቀለሙ ይደርሳል። በሙያው የሚሠራበት ልማዳዊ መለኪያ አለ፤ የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ታዩና አንድ አሥረኛውን በማይክሮን ትወስዳላችሁ። ለ300 ግራም ካርቶን ወደ 30 ማይክሮን ማለት ነው። ለ100 ግራም ወረቀት የተገዛ ደቃቅ ፓውደር ለካርቶን ብትጠቀሙ፣ ምንም ያህል ብትረጩት ምሰሶው አጭር ስለሆነ አይረዳችሁም። መጀመሪያ የፓውደራችሁን ከረጢት አንብቡና መጠኑን አረጋግጡ። ከስታርች ይልቅ የካልሲየም ካርቦኔት ፓውደር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ሉሁ ለሁለተኛ ጊዜ በማሽኑ ሲያልፍ ምስሉን የያዘውን ፕሌትና ምስሉን ወደ ሉሁ የሚያሳልፈውን ላስቲክ፣ ብላንኬቱን፣ ይፍቃል።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንምጣ። የርጭት ቴክኖሎጂ ታሪክ ለእናንተ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ከተማ፣ አለን ዴቪልቢስ የተባለ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ መሣሪያ ሠራ። ልጁ ቶማስ ያንኑ መርህ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ቀለም መርጫ ሽጉጥ ቀየረው፤ የዕቃና የመኪና ቀለም ቅብም ከብሩሽ ተላቀቀ። ሽጉጡ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ቀለሙን የሚሸከመው የታመቀ አየር ከዕቃው ጋር ሲጋጭ ወደ ጎን ይገለበጣል፤ ቀለሙንም አብሮ ይወስደዋል። በተለምዶው የአየር ሽጉጥ ከሚረጨው ቀለም ዕቃው ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም፤ ሌላው ጭጋግ ሆኖ ይበተናል።

በኢንዲያናፖሊስ ሃሮልድ ራንስበርግ የተባለ ሰው ይህን ብክነት ለመቀነስ ተነሣ። መጀመሪያ ከሽጉጥ የወጣውን ጭጋግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለው ሽቦ አጠገብ አሳልፎ ሙል ሰጠው፤ ጠብታዎቹም ከመሬት ጋር ወደተያያዘው ዕቃ ተሳቡ። ይህ የ1940ዎቹ ሥራ ነው፤ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በሁለተኛው ዘዴ አየሩን ራሱን አስወገደው፤ ቀለሙ በሚሽከረከር ዲስክ ወይም ደወል መሰል ጽዋ ጠርዝ ላይ ይደርስና በኤሌክትሪኩ ኃይል ተበጥሶ ወደ ዕቃው ይሄዳል። አየሩ ያመጣውን አየሩ መልሶ እንደሚወስደው ስለገባው ነው ይህን ያደረገው። በጀርመን ኤርዊን ጌመር በ1950ዎቹ ፕላስቲክ ዱቄትን ከሥር በሚነፋ አየር አንሳፎ የጋለ ብረት ሲነከርበት እንዲጣበቅ አደረገ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኙና ጎረቤቶቻችሁ የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮስታቲክ ዱቄት ቅብ ተወለደ።

ይህ ዘዴ በብረት በር ላይ ለምን እንዲህ ያማረ እንደሚሆን አስቡ። በሩ ብረት ነው፤ ከመሬት ጋር በደንብ ተያይዟል፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ አካባቢው ላይ ከእርሱ በቀር ዱቄቱን የሚስብ ብረት የለም። ዱቄቱ ያረፈበትን ከያዘ በኋላ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ቀልጦ ይጠነክራል። በእናንተ ማሽን ላይ ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱም የለም።

ሉሁ አይቆምም። በሰዓት 8,000 ሉህ ብታትሙ በሰከንድ ከሁለት በላይ ያልፋል፤ ሲያልፍም የራሱን ነፋስ ይዞ ይሄዳል። ከሉሁ ጋር ተጣብቆ የሚሮጥ ቀጭን የአየር ሽፋን አለ፤ ደቃቁ ቅንጣት ይህን ሽፋን ሰብሮ መግባት ያቅተዋል። ፓውደሩ ከሚረጭበት አፍ፣ ከኖዝሉ፣ የወጣው አየር በተጨመረ ቁጥር ደግሞ መበተኑ ይብሳል። የሥራ መሪዎች ፓውደሩ አልደርስ ሲላቸው የአየሩን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ነገሩን የሚያባብስ እንጂ የሚያሻሽል አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው የብረቱ ጉዳይ ነው። ሙል የያዘ ቅንጣት ማንን እንደሚመርጥ አትርሱ፤ ቅርብ ያለውንና ከመሬት ጋር የተያያዘውን ብረት ነው። በማሽናችሁ መውጫ ላይ ሉሁን የሚጎትቱት ግሪፐሮች፣ ግሪፐሮቹን የተሸከሙት ዘንጎች፣ በሁለቱም ጎን የሚሮጡት ሰንሰለቶችና የሰንሰለቱ ሐዲድ ሁሉ ብረት ናቸው። ሽጉጡን ከከፈታችሁ ፓውደሩ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ሰንሰለቱ ላይ ያለው ዘይትና ስታርቹ ሲቀላቀሉ የሚፈጥሩት ሊጥ ሰንሰለቱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። የአንድ ማሽን ሰንሰለት ሲላላ ሉሁ ክምሩ ላይ ተዛንፎ ይወድቃል፤ ጥገናውም ከፓውደሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ልብ እርሱ ነውና። ወረቀት በውስጡ ያለው እርጥበት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሙሉን የሚያስተላልፍበት መንገድ ያጣል። በአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ማተሚያ ቤቱ እርጥበት መስጫ ከሌለው፣ ሉሆች እርስ በርስ ሲጣበቁና ማቅረቢያው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ሲሄዱ አይታችኋል። ፓውደሩን ሙል ሰጥታችሁ ሉሁ ላይ ስታሳርፉት፣ የኤሌክትሪክ ሙሉ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሉሁ ከሥሩ ያለውን ሉህ ይስባል፤ በመካከላቸው ሊቀር የነበረው አየር ተጨምቆ ይወጣል። ሉሆችን ለማራራቅ ያመጣችሁት ነገር ሉሆችን አቀራረበ ማለት ነው። በደረቅ ቀን እንዲህ ያለ መሣሪያ የቀለሙን መጋባት ሊያብሰው ይችላል። ለዚህም ነው በሙያው የተሠሩት የኤሌክትሮስታቲክ ፓውደር መሣሪያዎች ከቀለም ሽጉጥ የተለዩት። አንዱ የታወቀ አሠራር ላዩ ደቃቅ ጉድጓዶች የተቀረጹበት ሮለር ፓውደሩን መጥኖ በዝግታ እንዲለቅና የኤሌክትሪክ መስኩ ያለ ኃይለኛ አየር ወደ ሉሁ እንዲስበው ማድረግ ነው። ራንስበርግ በቀለም ላይ ያደረገውን እዚህ በፓውደር ላይ አደረጉት፤ አየሩን ቀነሱ። ከዚያ በኋላ ሉሁ ክምሩ ላይ ከመውደቁ በፊት የተረፈውን ሙል የሚያጠፋ የአዮን ዘንግ ያስፈልጋል።

አደጋውን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የዱቄት ቅብ ሽጉጥ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት፣ አንዳንዱም እስከ 100,000 ቮልት ይሠራል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ሰው ላይ የሚያደርሰው ድንጋጤ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብልጭታው ግን እሳት ለማስነሣት ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየር ሲሳሳ ብልጭታ ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል። በዝቅተኛ አገር ለተሠራ መሣሪያ መመሪያው ላይ የተጻፈው የርቀት ልክ ለእኛ በቂ አይደለም፤ መስፋት አለበት። ማሽናችሁ ፕሌቱን የሚያረጥብበት ውሃ ውስጥ አይሶፕሮፒል አልኮል ካለበት፣ ያልተበረዘው አልኮል በባሕር ጠለል ላይ በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለመቀጣጠል የሚበቃ እንፋሎት ይሰጣል፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት። ብላንኬት የምታጥቡት በቤንዚን ከሆነ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው። የስታርች ብናኝ ራሱ ተቀጣጣይ ነው፤ ጣሪያ ሥር ባለው ዘንግና በመብራት ሽፋኑ ላይ ለወራት የተከማቸው ብናኝ በአንድ ትንሽ ፍንዳታ ከተነሣ ተከትሎት የሚመጣው ትልቁ ነው። ቤንዚን፣ ስታርችና ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለ ተቆጣጣሪ አንድ ቤት ውስጥ አይገናኙ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ፓውደሩን ከማሻሻል በፊት የፓውደሩን ፍላጎት መቀነስ ይቀድማል። ለውጡ ከኮምፒውተሩ ይጀምራል። አራቱም ቀለሞች ሙሉ በሙሉ ከተደራረቡ ድምራቸው 400 በመቶ ይሆናል፤ ለጥሩ አንጸባራቂ ካርቶን እንኳ ከ300 እስከ 330 በመቶ አካባቢ ላይ መገደብ የተለመደ ነው። በሦስቱ ቀለማት የሚሠራውን ግራጫ በጥቁር የሚተካ የቀለም መለያ አሠራር ዲዛይነራችሁ ይወቅ። ጥልቅ ጥቁር ለማግኘት ሙሉ ጥቁርና ከሥሩ 40 በመቶ ሰማያዊ ይበቃል፤ አራቱን ሙሉ ማድረግ ቀለም ማባከን ነው፣ ክምሩንም ያረጥበዋል። ይህ ለውጥ ሳንቲም አያስወጣም፤ ከማውቃቸው መፍትሔዎች ሁሉ ፈጥኖ ውጤት የሚያሳየውም እርሱ ነው።

ቀጥሎ ውሃው ነው። የኦፍሴት ቀለም የሚደርቀው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭኑ ዘይት ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ ቀሪው በአየር ውስጥ ካለ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፤ ይህ ሰዓታት ይወስዳል፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያለባቸው ማድረቂያዎችም ያፋጥኑታል። የውሃው አሲድነት ሲበዛ እነዚህ ማድረቂያዎች ይመክናሉ። የፒኤች መጠኑ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.8 እስከ 5.5 ባለው መካከል ይሁን፤ ከ4.5 ከወረደ ቀለማችሁ በማግስቱም ጣት ይነካል። መለኪያው ርካሽ ነው፣ በየቀኑ ጠዋት ለኩ። ቀለሙ ውስጥ ውሃ ከበዛም እንዲሁ ነው። በክረምት ሌሊት የቀዘቀዘ መጋዘን ውስጥ ያደረ ካርቶንን በቀጥታ ወደ ማሽን ማስገባትም መድረቁን ያዘገየዋል፤ አንድ ሌሊት ማሽኑ ክፍል ውስጥ ይደር።

ክምሩን ዝቅ አድርጉ። ጥቁር የበዛበት ሥራ ሲሆን በየ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትሩ ጣውላና የጎን ድጋፍ አስገብታችሁ ክብደቱ ወደ ታች እንዳይወርድ አድርጉ። ሥራ ያዘገያል፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ ክምር ከመጣል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ወደ ፓውደሩ ትመጣላችሁ፤ ለእናንተ የሚሆን የፈጠራ ቦታ ያለውም እዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ፓውደሩ የት እንደሚሄድ እዩ። ያልታተመ ጥቁር ካርቶን በማሽኑ አሳልፉና ከጎን በሚመጣ መብራት ተመልከቱት፤ የትኛው ኖዝል እንደተደፈነ፣ የትኛው ጫፍ ባዶ እንደቀረ፣ በሉሆች መካከል ባለው ባዶ ጊዜ ስንት እንደሚባክን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የፓውደር ማጠራቀሚያውን ከሥራ በፊትና በኋላ መዝኑ፤ ስንት ሉህ ላይ ስንት ግራም እንዳለቀ ይመዝገብ። የኮምፕሬሰሩን ውሃ በየቀኑ አፍስሱ፤ እርጥብና ዘይት የነካው አየር ፓውደሩን ያቀራርበውና ጓል ጓል ያደርገዋል።

ብዙ የቆዩ ማሽኖች ላይ ያሉ መርጫዎች ሉህ ኖረም አልኖረም ሳያቋርጡ ይነፋሉ። ሉህና ሉህ መካከል ያለው ክፍተት፣ ከሉሁ ስፋት ውጭ ያለው ጎን፣ ማሽኑ ሉህ ሳይዝ የሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ይረጭበታል። በመውጫው ዘንግ ላይ አንድ ቅርበት ጠቋሚ ሴንሰር፣ በእያንዳንዱ ኖዝል ላይ ፈጣን የኤሌክትሪክ ቫልቭ፣ በመካከላቸውም አነስተኛ መቆጣጠሪያ ካርድ ብታደርጉ ፓውደሩ ሉሁ ከሥሩ ሲያልፍ ብቻ እንዲለቀቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚህ አልፋችሁ ከባዱ ቀለም ያለበት የሉሁ ክፍል ሲደርስ ብቻ መጠኑ የሚጨምርበትን መንገድ ብታገኙ፣ ሽጉጡ ሊያደርግላችሁ የነበረውን ጥቅም ያለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ታገኛላችሁ። ከኖዝሉ እስከ ሉሁ ያለውን ርቀት ማሳጠር፣ ከጎን የሚመጣውን ነፋስ በላስቲክ መጋረጃ መከለል፣ የተረፈውን ብናኝ በማጣሪያ መምጠጥ ደግሞ በእጃችሁ ያሉ ሥራዎች ናቸው።

ሌላ ሁለት መንገድ እንዳለ እያወቃችሁ ወስኑ። አንደኛው ውሃ ነክ ቫርኒሽ ነው፤ በማሽኑ መጨረሻ ባለ የቅብ ክፍል ይቀባና በኢንፍራሬድና በሙቅ አየር ወዲያው ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ገና ለስላሳ ቢሆንም ላዩ ይዘጋል። ፓውደሩ ወደ ትንሽ ይወርዳል። ካርቶን ዋና ሥራችሁ ከሆነና ማሽን የምትቀይሩበት ቀን ከመጣ፣ የቅብ ክፍል የሌለው ማሽን አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። ኢንፍራሬዱን ስትጠቀሙ የክምሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ሉሆቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሁለተኛው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ቀለም ነው፤ ፓውደር አያስፈልገውም። ቀለሙ፣ ሮለሩ፣ ብላንኬቱና መብራቱ ግን ሁሉም የተለዩ ናቸው፤ መለዋወጫውን ያለ ማቋረጥ የምታስገቡበት መንገድ ከሌላችሁ አልመክራችሁም።

ወረቀት ላይ የማይሠሩ አታሚዎች ችግሩን እንዴት እንደፈቱት ማወቅም ዐይን ይከፍታል። ለቆርኪና ለጣሳ የሚሆን የቆርቆሮ ሉህ የሚያትሙ ሰዎች የሚሰርግ ነገር የላቸውም፤ ብረት ዘይት አይጠጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሉህ በሽቦ ፍሬም ላይ ለየብቻ አቁመው በረጅም ምድጃ ውስጥ ያሳልፉታል። ሉህ ከሉህ ጋር አይነካካም፤ ፓውደርም አይፈልጉም። በነገራችን ላይ የኦፍሴት መርህ መጀመሪያ የተሠራበት እዚያው ቆርቆሮ ላይ ነው፤ በ1875 እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ባርክሌይ ለቆርቆሮ ማተሚያ ፓተንት አወጣ። ለወረቀት የመጣው በ1904 አካባቢ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ነትሊ በምትባል ቦታ፣ አይራ ሩብል የሚያሠራው ማሽን አንድ ሉህ ሳይገባበት ሲዞር ቀለሙ ላስቲክ በለበሰው ሲሊንደር ላይ ታተመ፤ ቀጣዩ ሉህ ሲገባ ጀርባው ላይ ከፊቱ የጠራ ምስል ወጣ። እናንተን የሚያስቸግራችሁ ቀለም ወደ ጀርባ መጋባት እርሱን ያስተዋለ ሰው አጋጥሞት ኦፍሴትን ወለደ።

ፓውደሩም ቢሆን ቅድመ አያት አለው። ከፓውደር በፊት አታሚዎች በየሉሁ መካከል ባዶ ወረቀት በእጅ ያስገቡ ነበር። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሙጫ ፈሳሽ በደቃቁ ሉሁ ላይ መርጨት ተጀመረ፤ ጠብታዎቹ በአየር ላይ እንዳሉ ይደርቁና ልክ እንደ ዛሬው ፓውደር ምሰሶ ይሆናሉ። ይህን የምነግራችሁ ለፓተንት ጥያቄያችሁ መንደርደሪያ እንዲሆን ነው። በዚህ መስክ ያልተሞከረ መርህ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያልተሞከረ አቀናጅቶ መሥራት ግን አለ።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር)። ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው በየትኛውም የዓለም ክፍል ያልታወቀ፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይገመትና ለኢንዱስትሪ የሚውል መሆን አለበት። ዘመኑ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የሽጉጡ ሐሳባችሁ በዚህ በር አያልፍም። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ግን መስፈርቱ ቀለል ያለ ነው፤ አዲስነቱ የሚመዘነው በአገር ውስጥ ነው፣ ዘመኑም 5 ዓመት ሆኖ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ተጠንቀቁ፤ የታወቀን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ማቴሪያል ብቻ መለወጥ፣ ወይም አንዱን ክፍል ያንኑ በሚሠራ ሌላ ክፍል መተካት፣ የአገልግሎት መሻሻል ካላመጣ አይቆጠርም። መሻሻሉን በቁጥር ማሳየት ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ ከላይ ያልኩት የግራም መዝገብና የጥቁር ካርቶኑ ሙከራ ማስረጃችሁ ይሆናል። በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውንና ዘመኑ ያላለፈ፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራ አምጥቶ ሥራ ላይ ለማዋል የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው የአስገቢ ፓተንት የሚባል ሦስተኛ መንገድም በአዋጁ አለ፤ ዘመኑ እስከ 10 ዓመት ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ነጻ መፈለጊያ ላይ ፈልጉ። ቃል በቃል ከመፈለግ በዓለም አቀፉ ምደባ መፈለግ ይሻላል፤ የማተሚያ ፓውደር መርጫዎች ያሉት ቢ 41 ኤፍ 23/06 በሚለው ክፍል ነው፣ የኤሌክትሮስታቲክ ርጭት መሣሪያዎች ደግሞ ቢ 05 ቢ 5 ሥር ናቸው። ሥዕሎቹን ብቻ ብታዩ እንኳ ሌሎች ሰንሰለቱንና ነፋሱን እንዴት እንዳለፉት ትማራላችሁ። ዘመናቸው ያለፈባቸው ፓተንቶች ደግሞ የማንም አይደሉም፤ ያለ ፈቃድ ልትሠሩባቸው ትችላላችሁ፣ ለእናንተ ምናልባት ከአዲሱ ፈጠራ የበለጠ ሀብት ያለው እዚያ ነው።

ሴንሰሩንና ቫልቮቹን አንድ ጎን ላይ ብቻ ገጥማችሁ ጀምሩ፤ ሌላው ጎን እንደነበረ ይቆይ። በአንድ ሉህ ላይ ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ ለክርክር አይመችም። ውጤቱ ካማረ ለደንበኛም ለጎረቤትም ሳታሳዩ ማመልከቻውን ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስገቡ፤ በይፋ ከታየ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ አዲስነቱን ሊያጣ ይችላልና። የፓውደሩን ዓይነት፣ የካርቶኑን ግራምና የውሃውን ፒኤች ከነመዝገቡ ብትልኩልኝ የቫልቩን የመክፈቻ ጊዜ ከማሽናችሁ ፍጥነት ጋር አብረን እናሰላለን።